የሐጅ ነጂብ ሦስት ነጥቦች

ይህ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ ግራይንደሩ ጣቴን ይቁረጠው፤ የቀሩኝ ስምንት ብቻ ስለሆኑ በጣቴ በከንቱ አልምልም።

ሐጅ ነጂብ አንድ ጠዋት ካርቱም ባሕሪ ሰፈር፣ እዚያው ጋራዣቸው ውስጥ ሞተው ተገኙ። እንደሳቸው ያለ ባትላሜራ ካርቱም አላየችም፤ የመኪና በር ሲዘጋ በስልክ ሰምተው የቱ ጋ እንደተጎዳ ይናገሩ ነበር። አሮጌው ነጭ መርሴዲስ ደረታቸው ላይ ወድቋል። ክሪኩ ተጋድሟል። የቀኙ የኋላ ጎማ ተፈትቶ ግድግዳ ተደግፏል። ማጅራታቸው ላይ ቁስል አለ። ማንም አልጮኸም። ከጦርነቱ ወዲህ እዚህ ሰፈር ሬሳ አይቶ የሚጮህ ሰው አላውቅም። ቀለም ቀቢው ናሆም ጀነሬተሩን አጠፋ፤ እኔ ዝገት የምፍቅበትን ወረቀት ኪሴ ከተትኩ። በቃ።

የፖሊስ ሃምሳ አለቃው፣ ሸዊሽ ረሺድ፣ መጣ፤ ሬሳውን አስነሣና በያጁን ተድላን ያዘ። መኪና በክሪክ የሚያነሳው ተድላ ነው፤ ባለፈው ሳምንት ከሐጁ ጋር ተጨቃጭቋል፤ የመኖሪያ ወረቀት የለውም።

«ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ይዤው እሄዳለሁ» አለ ሸዊሹ።

ወረቀት የሌለው ሰው በነፍስ ተጠርጥሮ ከገባ መቼ እንደሚወጣ አላህ ያውቃል። የተድላ ሚስት ህሊና ደግሞ ለመውለድ ሁለት ሳምንት ቀርቷታል። ሪክሻ ይዤ ወደ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ሄድኩ፤ እትዬ ሉጥፊያን ልጠራ። የወሎ ሰው ናቸው። ሃያ ሁለት ዓመት የአንድ የፖሊስ ኮሎኔል ቤት ሲጠርጉ፣ ሸሚዙን እየተኮሱ ገዳዩን ይነግሩት ነበር ይባላል። ወሬውን የነዛሁት እኔ ነኝ፤ ቢሆንም እውነት ነው።

እትዬ ሉጥፊያ እንደገቡ ደሙን አልፈው ጎማውን አዩ።

«ተድላ፣ ይሄን ማን ፈታው?»

«እኔ እንጃ እትዬ። ትናንት ስንወጣ በቦታው ነበር።»

«ላሜራ ለመቀየር ጎማው በቦታው መኖሩ ምን ያደርጋል?»

«ከኋላ ሁለቱም ጎን በፍንጣሪ ተበሳስቶ ነበር፤ ቆርጠን በአዲስ ተካነው። ባለቤቱ ደግሞ ለአሸዋ ሰፊ ጎማ ስለፈለገ የጎማውን ቤት እያሰፋን ነው። ያን ጊዜ ጎማው ገብቶ፣ መኪናው መሬት ላይ መቀመጥ አለበት። ክብደቱ ካላረፈበት ጎማው ላሜራውን ይነካው አይነካው በምን ይታወቃል? ለጊዜው እዚህም እዚያም በብየዳ ቆንጠር አድርጌ ይዤዋለሁ። ዛሬ ለክተን ነበር ሙሉውን የምበይደው።»

«ሐጁ ራሳቸው ፈትተውት ቢሆንስ?»

«ሐጁ?» አለ ናሆም ከጥግ። «ሐጁ ሳይለኩ ጎማ ከሚፈቱ፣ ገበያ መሀል ሱሪያቸውን ቢፈቱ ይቀላቸዋል።»

እኔ ብቻ ትንሽ ሳቅሁ።

«አንተስ ናሆም፣ ማታ የት ነበርክ?»

«ሶባ፣ እህቴ ጋ። ከተድላ ጋር አብረን ወጣን። ሐጁ እንግዳ አለብኝ ብለው ቀሩ።»

«ማን ነው እንግዳው?»

«አልነገሩንም። ሐጁ ሰውን በሰው ፊት አይጠይቁም፤ ማሳፈር ይጠላሉ።»

እትዬ ሉጥፊያ ወደ ቁርጥራጩ ክምር ሄዱ። የግራው አሮጌ ላሜራ አለ፤ የቀኙ የለም። ጓንቶቹ ሁሉ ሚስማራቸው ላይ ናቸው።

«አንድ ሰው በባዶ እጁ ተሸክሞት ሄዷል» አሉ።

«እንግዲያ ወዮለት» አለ ናሆም። «የተቆረጠ ላሜራ ምላጭ ነው።»

ይህን ጊዜ የመኪናው ባለቤት ኢስሐቅ መጣ። ካርቱም ተወልዶ ያደገ ነው፤ አማርኛው ይሰናከልበታል። እጆቹን ጀለቢያው ኪስ ውስጥ እንደከተተ ከሩቅ፣ «አላህ የርሐሙ» አለ፤ ነፍስ ይማር ማለቱ ነው። ቀጥሎም፣ «መኪና የኔ መቼ ያልቃል?»

«መኪናው ከየት ነው ልጄ?»

«የአባቴ፣ ወላሂ። ከፖርት ሱዳን። እዚህ ባሕሪ ማንም አልነካው፣ መጀመሪያ ነው።»

«ሁሌም ነጭ ነበር?»

«ነጭ፣ ነጭ። ያላ፣ ሥራ አለኝ።»

«ከሶላት በኋላ ትሄዳለህ።»

የሐጁ መስገጃ ታጥፎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እትዬ ሉጥፊያ አወረዱት። «ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ምንጣፍ አጥፌያለሁ» አሉ በቀስታ፤ «ይሄ ከበደኝ።» ከእጥፋቱ መዳፍ የምታህል ቁራጭ ላሜራ ወጣች። ፊቷ ነጭ፣ ጀርባዋ ጥቁር አረንጓዴ፤ ጀርባዋ ላይ በመብሻ የተመቱ ሦስት ነጥቦች አሉ።

ተድላ አየና ተቀመጠ። «የሐጁ ምልክት ናት። በሠሩት ላሜራ ሁሉ ከውስጥ ይመቷታል፤ ከተገጠመ በኋላ ማንም አያያትም። አረንጓዴ መርሴዲስ የሠሩት ለጎረቤታቸው ለመምህር ኢክሪማ ነው። ጦርነቱ በጀመረ ሳምንት ከነመኪናው ጠፋ።»

ከዙህር በኋላ ሁላችንም መኪናውን ከበብን። ሸዊሹ ካቴናውን አወጣ።

«ቆይ ሸዊሽ፣ ለሐጁ እስካሁን ማንም ፋቲሃ አልቀራላቸውም» አሉ እትዬ ሉጥፊያ።

መዳፎች ለጸሎቱ ተዘረጉ። ክርስቲያኖቹ ተድላና ናሆምም ዘረጉ፤ እዚህ የኖረ ሰው ለቅሶ ላይ እጁን ይዘረጋል። የኢስሐቅ እጆች ብቻ ኪስ ውስጥ ቀሩ። ዓይን ሁሉ ሲዞርበት አወጣቸው፤ ጨብጦ።

«ዘርጋ ልጄ። ለሞተ ሰው እጅ አይጨበጥም።»

ዘረጋ። በሁለቱም እጆቹ፣ በአራቱም ጣቶች ላይ የሚያልፍ ቀጥ ያለ ቁስል ነበር፤ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል።

እትዬ ሉጥፊያ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ሐጁ አሮጌውን ላሜራ ሲገለብጡ የገዛ እጃቸውን ሥራ አገኙ። ቁራጩን ቆርጠው ደበቁና አንተን ብቻህን ጠሩህ፤ በሰው ፊት ሌባ ሊሉህ አልፈለጉም። ጨዋነታቸው ገደላቸው። ከኋላ መታሃቸው፤ አደጋ እንዲመስል ጎማውን ፈትተህ መኪናውን ጣልክባቸው። አሮጌውን ላሜራ ማስረጃ እንዳይሆንብህ ተሸክመህ ሄድክ። የዚህ ቤት ሰው ቢሆን ጎማውን አይፈታም ነበር፤ ላሜራም በባዶ እጁ አይሸከምም። ከዚህ መኪና ጋር ጉዳይ ካላችሁት ሥራውን የማያውቅ አንተ ብቻ ነህ።»

ኢስሐቅ መዳፎቹን እንደዘረጋ ቀረ። «ኢክሪማን አልገደልኩም» አለ። «መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር፤ ቁልፉ እላዩ ላይ። ሰው አልነበረም።»

«ሐጁንስ?»

መዳፎቹን መልሶ ጨበጠ። ካቴናው እሱ እጅ ላይ ገባ።

ተድላ ለህሊና ደወለ፤ «ማታ እመጣለሁ» ብቻ አላት። ሸዊሹ መኪናውን የሚያቆምበት ስላልነበረው እዚያው ተወው። በሳምንቱ ተድላ ጎማውን ገጥሞ ለካና ሙሉውን በየደ። ከውስጥ ሦስት ነጥቦች መታበት።

በነጋታው የኢክሪማ እናት ከሶባ መጡ። ነጥቦቹን በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። «የልጄ መኪና ናት» አሉና ገብተው ልጃቸው ይቀመጥበት የነበረው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እንግዲህ ስለ ጣቶቼ ስል አንድ ነገር ልናዘዝ። እናትየውን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ። ማንም አልመጣም። መኪናው እስከዛሬ በሰፋፊ ጎማዎቹ ላይ እንደቆመ ነው፤ ጠዋት ጠዋት የሹፌሩን ወንበር አቧራ እጠርጋለሁ።