ከዘፈኑ በኋላ

ጡረተኛው የሙዚቃ መምህር ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ፊት ለፊታቸው ላፕቶፑ ተከፍቷል፤ ትራሳቸው መሬት ላይ ወድቋል፤ ከንፈራቸው ላይ የትራሱ ክር ተጣብቋል። ታፍነው ነው የሞቱት።

መርማሪዋ ትራሱን አይታ ስታበቃ ላፕቶፑ ላይ አጎነበሰች። ዘፈን ሲሰሙ የሚውሉ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ አንድም ዘፈን የለም። ነገሩ አልጣማትም።

ከሟቹ ሌላ የቤቱ ቁልፍ ያላት ልጃቸው ብቻ ናት። አስከሬኑን ያገኘችውም እሷው ናት።

«ከአባትሽ ጋር ተጣልታችኋል ይባላል።»

«አልተጣላንም፤ አንነጋገርም እንጂ። እናቴ የሞተች ቀን ክፍሏን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ሕፃን ነበርኩ፤ መድኃኒቷን ከአልጋዋ አርቄ አስቀመጥኩት። ብቻዋን ሞተች። ከዚያ ወዲህ አባዬ ዓይን ዓይኔን አይቶኝ አያውቅም። እኔም እናቴ በየጥጉ ስትጠራኝ እሰማለሁ። እንደ እውነቱ፣ ቢያስሩኝም አይከፋኝም።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ጎረቤት ነው፤ በዕድሜ ቢበልጥም ትከሻው ገና አልጎበጠም።

«ጠዋት በበሩ ሳልፍ ያ ላፕቶፕ እንደ ልማዱ ሲያጉረመርም ሰማሁት። ዘፈኑን እያዳመጠ ነው ብዬ አለፍኩ። ከዚያ በኋላ የገባችው እሷ ናት። የወንድሜ ልጅ ናት፣ ምን ላድርግ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ።»

«ይጠራል፣ አባቴ፣» አለች መርማሪዋ።

መርማሪዋ ያስጠራችው ላፕቶፕ ሻጭ ሱቁን ዘግቶ መጣ።

«ይህን ላፕቶፕ ትናንት ነው ከእኔ የገዙት። ‹ድምፅ የሌለው ስጠኝ› ሲሉኝ፣ ‹ታዲያ ዘፈኑን በምን ሊሰሙት ነው?› ብዬ ሳቅሁ።»

«እሳቸውስ?»

«አልሳቁም። ‹ባለቤቴ ስትዘፍን አየር የምትስብበት ቦታ አለ፤ የአሮጌው ላፕቶፕ ማራገቢያ እየጮኸ ሸፈነብኝ› አሉ። ጨርሶ ማራገቢያ የሌለውን ሰጠኋቸው፤ አሮጌውን እኔው ጋ ትተው ሄዱ። ዘፈኑን የገለበጥኩበትን ፍላሽም ረስተውታል። ይኸው።»

መርማሪዋ ሦስቱንም በሟቹ ክፍል ሰበሰበቻቸውና ወደ ወንድምየው ዞረች።

«ልማድ ክፉ ነው። ላፕቶፑ ሲያጉረመርም ሰማሁ ብለዋል። የሚያጉረመርመው ትናንት ከዚህ ቤት ወጥቷል፤ ይኼኛው ማራገቢያ የለውም። ያልሰሙትን ሰማሁ ያሉት ወንድምዎ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ እንዲባል ነው። ቁልፍም አላስፈለገዎትም፤ በሩን ራሳቸው ከፈቱልዎት።»

«ወንድሜን ለምን ብዬ?»

«ለጠፋው ዘፈን። እሱን ለይተው ማጥፋት ቢቸግርዎ ሁሉንም አጠፉት።»

ፍላሹን ሰካች። ሟቿ ሚስት ዘፈነች። ዘፈኑ አለቀ። መቅጃው ግን ያን ዕለት ሳይዘጋ ቀርቶ ኖሯል። አሮጌው ማራገቢያ ዘመኑን ሁሉ ውጦት ከኖረው ዝምታ ውስጥ የተቆራረጠ ትንፋሽ ተሰማ፤ ከዚያ ሹክሹክታ።

«ወንድም ጋሼ... መድኃኒቴን... እጅዎ አጠገብ...»

ወንበር ሲጢጥ አለ። ኮቴ ተሰማ። በር ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«እዚህ ቤት ወንድም ጋሼ የምትለው ማንን ነበር?» አለች መርማሪዋ። «ወንድምዎ ትናንት ይህን ሰሙ። ዛሬ ማለዳ ጠርተው አሰሙዎት።»

ሰውየው ላፕቶፑን እንጂ ማንንም አላየም።

«ቀድሜ ያየኋት እኔ ነበርኩ፣» አለ። «እሷ ግን ያን ዕለትም የዘፈነችው ለእሱ ነው።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ልጅቷ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«እጁ አጠገብ ነበር፣» አለች። «መድኃኒቱ እኮ እጁ አጠገብ ነበር።» እንባዋ መጣ። «እባክዎ... ከመጀመሪያው ይክፈቱልኝ።»

መርማሪዋ ከፈተችላት። ላፕቶፑ ድምፅ አላሰማም። በዚያ ጸጥታ መሃል እናቷ ልትዘፍን አየር ሳበች።