በቀኝ እጅ የተያዘ ጆሮ

እማማ ሻይ የምትጠጣበት ኩባያ ስህተት ነው። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ፋብሪካው ነው። ገልብጣችሁ ሥሩን ብታዩት ቀይ ኤክስ አለበት፤ «ወደቀ» ማለት ነው። ይቺን ቃል ከትምህርት ቤት በደንብ ስለማውቃት ለኩባያው አዝንለታለሁ።

ሲወድቅ ስንጥቅ አልነበረበትም። ቀለሙም አልፈሰሰም። ጥፋቱ አንድ ብቻ ነው፤ አበባው ዞሯል። ኩባያ በቀኝ እጅ ሲያዝ አበባው መታየት ያለበት ፊት ለፊት ለተቀመጠው ሰው ነው፤ ፋብሪካው የሚፈልገው እንደዚያ ነበር። ለታይታ ነዋ! የእማማ አበባ ግን የሚያየው ጠጪውን ነው።

ይሄ ስህተት ባይኖር እኔም አልኖርም ነበር። ቀስ ብዬ ልንገራችሁ።

ከመንደራችን በታች ዛሬ ወፎች የሰፈሩበት ረጅም ጭስ ማውጫ ቆሟል። ድሮ አንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ውሃ ፍለጋ ወርዶ ነጭ ጭቃ ይዞ ወጣ አሉ። ሰዎቹ ውሃውን ትተው ጭቃውን ያዙ። መጀመሪያ አንድ ዳስ፣ ቀጥሎ አንድ ምድጃ፣ ከዚያ ሦስት ምድጃ፣ ሁለት መቶ ሠራተኛ፣ አውራ ዶሮውን ሥራ ያስፈታ ሳይረን። ኩባያው በመኪና እየተጫነ የት የት ይሄድ ነበር! የወደቀው ግን ለሠራተኛ ይታደላል፤ ስለዚህ መንደሩ በሙሉ የሚጠጣው በእንከን ነበር።

እማማ ሥዕል ክፍል የገባችው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ግራዋ ይሏታል። አንድም በግራ እጇ ስለምትሥል፣ አንድም ምላሷ እንደ ግራዋ ቅጠል ስለሚመር።

የምትኖረው አክስቷ ቤት ነው። አባቷ ከሩቅ፣ «ሥራ ካለሽ እዚያው ቆዪ፤ ሥራ ካጣሽ ግን ባለወፍጮው እየጠበቀሽ ነው» ብሏታል። ባለወፍጮው ሚስቱ የሞተችበት፣ ከአባቷ በሁለት ዓመት የሚበልጥ ሰውዬ ነው። ዱቄቱ ሲያስነጥሰው ጣሪያ ይነቃነቃል ይባላል። እንግዲህ ግራዋ ብሩሿን ሙጥኝ ብትል ይፈረድባታል?

ችግሩ የኩባያው ጆሮ ነው። ሌሎቹ ሠዓሊዎች ጆሮውን በግራ እጃቸው ይዘው በቀኛቸው ይሥላሉ፤ አበባው በትክክለኛው ጎን ይወጣል። ግራዋ የምትሥለው በግራዋ ስለሆነ ጆሮውን የምትይዘው በቀኟ ነው። አበባው ዞሮ ቁጭ!

የክፍሉ አለቃ እትዬ ብሩሽ፣ ብሩሽ ከጸጉሯ ተለይቶ የማያውቅ ወፍራም ሴት፣ አስተማረቻት። «ጆሮውን አትያዢ፣ ልጄ። ሆዱን ያዢ፣ ጆሮው ወደ ግራሽ ይዙር።» ልቧ እዚያው ሲሆን አትሳሳትም። ልቧ ሄድ ሲል ግን እጇ የለመደውን ያደርጋል። ደንቡ ደግሞ ግልጽ ነው፤ በሳምንት ሃያ ኩባያ የወደቀባት ትሰናበታለች።

የሚጥለውና የሚያሳልፈው አንድ ዝምተኛ ጎረምሳ ነበር። ከእሳት የወጣውን እያንዳንዱን ኩባያ በትንሽ እንጨት ይመታል። ደህናው «ጥን» ይላል፣ የተሰነጠቀው «ጠፍ»። ሌላው ሰው የማይሰማውን ስንጥቅ እሱ ይሰማዋል። ጆሮ አሉት። በቀን ሁለት ቃል ብቻ ነው የሚናገረው ይሉታል፤ «አለፈ» እና «ወደቀ»።

መጀመሪያ የተገናኙት በጠብ ነው።

«አንተ! ስምህ ጆሮ ነው ወይስ ዓይን?» ብላ ጠረጴዛው ላይ ቆመችበት።

«ጆሮ።»

«ታዲያ ጥን ካለልህ ዓይንህን ምን ጥልቅ አደረገው?»

ኩባያውን አንስቶ አሳያት። «አበባው ዞሯል።»

«አንተም ዙርለት!»

ሳቀ። እሱ ሲስቅ ያየ ሰው ስላልነበረ፣ እቃ የሚጭኑት ሁሉ ሥራ አቁመው አዩት። እሷም አየችው። ከሚገባው በላይ አየችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮ መንገዱ ባይሆንም በሥዕል ክፍል በኩል ማለፍ ጀመረ። ሲያልፍ አያያትም። እሷም አታየውም። ሁለቱም አለማየታቸውን ክፍሉ በሙሉ ያያል። አንድ ቀን ግን እግሩ ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሞ ቀረ።

«ምን ፈለግህ?»

«እኔ እንጃ... ግራ ገባኝ።»

«ቀኝ ውጣ!»

ሠዓሊዎቹ በሳቅ ፈረሱ። እሱ ፊቱ እንደ ምድጃ አፍ ቀልቶ ወጣ፤ ያውም በቀኝ በኩል። በቀኝ በኩል መውጫ የለም፣ የቀለም መጋዘን ነው። እስኪመሽ እዚያው ቆሞ ነበር የሚሉ አሉ፤ እሱ ሐሰት ነው ይላል።

በዚያች ቀን ግራዋ አምስት ኩባያ አዞረች።

እንዲህ እንዲህ እያለ አንድ ሳምንት ዓርብ ላይ የወደቁባት ኩባያዎች አሥራ ስምንት ደረሱ። ቅዳሜ ጠዋት ከምድጃ የወጡት ሲደረደሩ ስድስት የዞሩ አበቦች ጆሮን አፍጥጠው አዩት። እሱም አያቸው። «አለፈ» ቢል ማን ያውቅበታል? ግን የወደቀ ነገር አለፈ ብሎ አያውቅም። እንጨቱን አስቀመጠ። ስድስቱን በቅርጫት አድርጎ ግቢውን አቋርጦ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደ። እትዬ ብሩሽም ተከተለችው።

ግራዋ በመስኮት አየችው፤ ቅርጫቱ ውስጥ ያሉትንም ቆጠረች።

«በቃ» አለች። «ሸጠኝ።»

ማንንም አልጠበቀችም። ሽርጧን ፈታ ጥላ አክስቷ ቤት ሄደች፣ ልብሷን ቋጠረች፣ አውቶቡስ ተሳፈረች። ባለወፍጮው ሲያስነጥስ ከዚያ ተሰማት።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሳለ እትዬ ብሩሽ እያለከለከች ደረሰች። መስኮቱን በጡጫ ደበደበች።

«ውረጂ፣ አንቺ ደረቅ!»

«ለምን? ሃያ አራት ወድቆብኝ የለ?»

«ስሚኝ እንጂ! እሱ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‹ስድስቱም ወድቀዋል፤ ጥፋቱ ግን የእኔ ነው› አለ። ‹አሞኝ ሳምንት የቀረሁ ጊዜ አንድም አላዞረችም። የምታዞረው እኔ ባጠገቧ ባለፍኩ ቀን ነው፤ ቀኑን ይዤዋለሁ። ስለዚህ እኔን ጭቃ ጉድጓድ አውርዱኝ፣ እሷ ሥራዋ ላይ ትቆይ› አለ።»

«ሥራ አስኪያጁስ?»

«‹ይሄ የኩባያ ፋብሪካ ነው ወይስ የጋብቻ ጽሕፈት ቤት?› ብሎ ጮኸ። ጮኾ ጮኾ አንቺ እንድትቆዪ ፈቀደ፣ እሱን አወረደው። ይኸው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ነው!»

ግራዋ ቋጠሮዋን አነሳች።

«ትሄጂያለሽ ወይስ ትወርጃለሽ?» አለ ሾፌሩ።

«ባለወፍጮውን ሰላም በልልኝ!» ብላ ዘለለች።

ጭቃ ጉድጓዱ ውስጥ ከነጫማዋ ገባች። አካፋ የያዙት ሰዎች መንገድ ለቀቁላት።

«ስድስት ነው ያልከው?»

«ስድስት።»

«ዛሬ ጠዋት ሁለት አዙሬ ከጠረጴዛ ሥር ደብቄያለሁ።»

«ስምንት» አለ። ትክክለኛ ሰው ነዋ።

«የማዞረው ስታልፍ ብቻ መሰለህ? ታልፍ ይሆን እያልኩም አዞራለሁ። ይሄን ሁሉ ስንጥቅ ትሰማለህ፣ እኔን አትሰማም! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ለካ እውነት ነው።»

ግራዋ ጠጋ አለችው።

«እትዬ ብሩሽ ጆሮ አትያዢ ብላኛለች» አለች። ከዚያ ቀኝ እጇን ዘርግታ የሰውየውን ጆሮ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። «እኔ ግን ሳልይዝ አይሆንልኝም።»

በግራዋ ነጭ ጭቃ ጠቅሳ ጉንጩ ላይ አበባ ሣለችበት። አምስት ቅጠል፣ አንድ ግንድ፣ እንደ ፋብሪካው ናሙና። እሱ እስክትጨርስ አልተነቃነቀም።

«ዞሯል?» አለ በመጨረሻ።

«አልዞረም። ፊት ለፊት ላለው ሰው ነው የሚታየው።»

«እንግዲያ አለፈ» አለ።

እሱ ጉድጓድ ከወረደ በኋላ የተሰነጠቀ ኩባያ ከየሱቁ ይመለስ ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጭቃው ዳር ቆሞ ለመነው። ጆሮም የጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ የእሱና የግራዋ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ይሁን። «የምትሳሳተው ከሩቅ ስትጠብቀኝ ነው» አለ። እውነቱን ነበር። አጠገቧ ሲቀመጥ እጇ ረጋ።

ሰላሳ አንድ ዓመት እንደዚያ ተቀመጡ። ከዚያ የፕላስቲክ ኩባያ መጣ። ብትጥሉት አይሰበር፣ ብትመቱት ድምፅ የለው። ምድጃዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። በመጨረሻው ቀን ሳይረኑ ሲጮህ ሰው ሁሉ ለማስታወሻ ቆንጆ ቆንጆውን መርጦ ወሰደ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮ መደርደሪያ ላይ የቀሩትን ስድስቱን ወዳቂዎች ግን የወሰደው ያው ጆሮ፣ አባባ ነው። ጭቃ ጉድጓዱ ዛሬ የእንቁራሪት ኩሬ ሆኗል። ከስድስቱ የቀረው አንዱ ነው። ሁለቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አታስታውሱኝ።

አባባ አሁን አይሰማም። ያ ጆሮ ተዘጋ። ሆኖም ጠዋት ጠዋት እማማ ሻይ ከመቅዳቷ በፊት ኩባያውን በጥፍሩ ይመታና ፊቷን ያያል።

«ምን አለ?»

«ጥን አለ!» ትላለች ጎረቤት እስኪሰማ።

«አለፈ።» ከዚያ ይቀዳል።

ባለፈው ሳምንት ሲመታው እኔም ሰማሁ። «ጠፍ።» ከኩባያው ጆሮ ሥር ጸጉር የምታህል ስንጥቅ ወርዳለች። ልናገር አፌን ስከፍት እማማ በዓይኗ ዘጋችው።

«ምን አለ?» አለ አባባ።

እማማ በቀኝ እጇ የኩባያውን ጆሮ ያዘች። እሱም አልለቀቀም። አውራ ጣቱ ስንጥቋ ላይ ነበር፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ሲወርድባት አይቻለሁ። ግራ እጇን ጉንጩ ላይ አደረገች።

«ጥን አለ» አለችው። ሳትጮህ።

አባባ ከንፈሯን አየ። አበባውን አየ።

«አለፈ» አለ። «በይ ቅጂ።»