ከታናሹ ኪስ የወጣው ጎሚኒ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ሾፌር ከቁልቁለቱ ግርጌ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ነበር። አስከሬኑን አይታ ወደ ተገለበጠው መኪና ዞረች። የፍሬኑ ሸራ ከሰል መስሏል። ፍሬኑ ቀድሞ አልለቅ ብሎ፣ ሲፋተግ ሲፋተግ ግሎ ነው የከዳው።

ፍሬኑ የተጠገነው ከአራት ቀን በፊት በሟቹ አባት ጋራዥ ነው። የፍሬኑ ቫልቭ ጎሚኒ፣ ያቺ ትንሽ የጎማ ቀለበት፣ ከአደጋው በኋላ ጠፍታ ከታናሽ ወንድሙ ኪስ ተገኘች። ወንድማማቾቹ በመኪናው የተነሳ ሰሞኑን ተኳርፈው ነበርና፣ አባትየው ይህን ሲሰሙ ቆረጡ። «ወንድሙን የበላ ልጅ የለኝም፤ ይታሰርልኝ» አሉ። ፖሊስም ያዘው። ልጁ ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ። አንዱን ልጅ ቀብረው ሌላውን ለወህኒ ሊያስረክቡ! እኚህ ሰው አንጀት ይበላሉ።

መርማሪዋ ጎሚኒውን የሸጠውን የመለዋወጫ ነጋዴ አስመስለው የሠሩትን ሸጠህ እንዳይሆን ብትለው ማለ ተገዘተ፤ ከዚያው ካርቶን የቀሩትን ሁለት ጎሚኒዎችም ሰጣት። የሟቹ ሚስት ደግሞ ባሏ ሰሞኑን መኪናው ከበደኝ ይል እንደነበር እያለቀሰች ነገረቻት። አስፈትሸው ስትለው ስቆባታል። «አባዬ በእጁ የገጠመውን?» ነው ያላት።

ከአደጋው በአራተኛው ቀን ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ ታናሹንም ፖሊስ አመጣው። አንዱን ጎሚኒና ባዶ ቫልቭ አቅርባ ሽማግሌውን አባት እስቲ ይግጠሙልኝ አለቻቸው።

ሽማግሌው አርባ ዓመት የሞተር ሰው ናቸው፤ የፍሬን ሥራ የታናሹ ነበር። እጃቸው ሳያስቡት ወደ ሞተር ዘይቱ ጣሳ ሄደ። የቫልቩን ውስጥ በዘይት አጠቡ፣ ጎሚኒውንም ነክረው ያለ ችግር አስገቡት።

«ያን ቀንም እንዲህ ነው የገጠሙት?»

«ታዲያ በደረቁ ይገጠማል? የልጄን መኪና ለማንም አልሰጥም ብዬ ራሴ ነኝ የገጠምኩት።»

መርማሪዋ ከቦርሳዋ የተከደነ ብርጭቆ አወጣች። ሁለተኛው ጎሚኒ ሦስት ቀን ሞተር ዘይት ውስጥ ከርሟል። ይህንንም ይሞክሩት አለቻቸው። ሽማግሌው ገፉት፣ አዙረው ገፉት፤ አብጦ አልገባ አለ።

ድምጿን ዝቅ አድርጋ አስረዳች። የሞተር ጎሚኒ ዘይት ይችላል። የፍሬኑ ግን መልኩ ያንኑ ይምሰል እንጂ ጎማው ሌላ ነው፤ የሞተር ዘይት ከነካው ጠጥቶ ያብጣል። ሰው ሆን ብሎ ቆርጦት ቢሆን ኖሮ የፍሬኑ ፈሳሽ በመጀመሪያው ቀን ይንጠባጠብ ነበር። ይህ ግን አራት ቀን ቀስ እያለ አብጦ ቫልቩን ያዘው፤ ፍሬኑም አልለቅ ብሎ ግሎ ከዳ። ከታናሹ ኪስ የወጣውም ልክ ይህን ያክላል።

ከዚያ ወደ ታናሹ ዞረች። «አንተ የፍሬን ሰው ነህ። ጎሚኒውን ከተገለበጠው መኪና ፈትተህ ገና ስታየው ገብቶሃል። ለምን ደበቅከው?»

ልጁ አንገቱን ደፋ። «እኔ ብታሰር አንድ ቀን እወጣለሁ። አባዬ ግን ይህን ካወቀ ከጸጸቱ መቼ ይወጣል?»

ሽማግሌው በዘይት የራሰ እጃቸውን አዩት። ጨርቅ ፈልገው ጠረጉት፣ ደግመው ጠረጉት። ወደ ልጃቸው ሄደው ሊያቅፉት እጃቸውን ዘረጉና፣ በዚያ እጅ እሱን መንካት ፈርተው ቆሙ።

ልጁ ነው እጃቸውን የያዘላቸው።