ፎጣ የጠመጠመችው ሥዕል

ሂልካ ራንታላ በሰባ አራት ዓመቷ በገዛ ሳውናዋ፣ በእንፋሎት መታጠቢያ ቤቷ ውስጥ ሞታ ስትገኝ ጉንጮቿ እንደ ሙሽራ ቀልተው ነበር። የኩርየንላህቲ መንደር ሰው መጀመሪያ «ደህና አሟሟት ነው» አለ። እኛ እዚህ ንግግር አናበዛም፤ ሞት ላይ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ እንቆጥባለን። ሁለተኛው ወሬ ግን ቁጠባችንን አስረሳን። የምድጃው ጭስ ማውጫ፣ ፍሙ ገና ቀይ ሳለ፣ ተዘግቶ ነበር።

እንጨት የሚነድበት ሳውና ያለው ሁሉ ያውቃል። ፍሙ ሳይጠቁር ጭስ ማውጫው ከተዘጋ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ክፍሉን ይሞላዋል። ሂልካ ያን ምድጃ ስልሳ ዓመት አንድዳለች። ብትሳሳት እንኳ በእጇ ልትዘጋው አትችልም፤ የምድጃው አፍም መዝጊያው ብረትም ያሉት በልብስ ማውለቂያው ክፍል በኩል ነው፤ እሷ የተገኘችው ከግድግዳው ወዲያ፣ ላይኛው አግዳሚ ላይ ተጋድማ ነው።

ስለዚህ የመንደሩ ጣት ወደ ታውኖ ዞረ። ታውኖ ሰማንያ አንድ ዓመቱ ነው፤ የሂልካ ጎረቤት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቃት። ከሁለት ዓመት ወዲህ ማስታወሱ እየከዳው ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን አንድ ሥራ ነበረው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን መጥቶ ፍሙን ያያል፤ ጠቁሮ ከሆነ መዝጊያውን ይዘጋል፤ ከዚያ ድንጋዩ ገና እንደጋለ ለመንደሩ ሴቶች በሩን ይከፍታል። የሂልካ ሳውና ለሁሉም ክፍት ነበር፣ በነፃ። ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው። ልጁ ከከተማ ደውላ የአረጋውያን ማቆያ ቦታ እንደያዘችለት ተናግራለች፤ በሩ ከውጭ የሚቆለፍ ዓይነት ነው አሉ። ሐሙስ ትወስደዋለች።

መርማሪዋ ሰኞ ጠዋት መጣች። ስሟ ኬርቱ ሆልማ ነው። አጭር ሴት ናት፤ የለበሰችው የሟች ባሏን ካፖርት ስለሆነ ከሩቅ ሲያዩዋት ካፖርቱ ብቻውን የሚሄድ ይመስላል። ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት በገባች ቁጥር መነጽሯ በጉም ይሸፈናል። እሷም አውልቃ ቀስ ብላ ትጠርገዋለች፤ ዝምታው የከበደው ባለቤት ያልተጠየቀውን ሁሉ ይዘከዝካል።

ታውኖ ግን መነጽሩ እስኪጠረግ እንኳ አልጠበቀም።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለ።

«እንዴት አድርገው?»

«ቀድሜ መጥቼ ዘግቼው ይሆናል።»

«ይሆናል ነው ወይስ ዘጉት?»

«አላስታውስም። እዚህ መንደር የማያስታውስ ሌላ ማን አለ? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው፤ ሁሉም አይሳሳትም።»

ኬርቱ መነጽሯን አጠለቀች። ከበሩ አጠገብ ምንም ያልተሰቀለበት ትልቅ ሚስማር አየች፤ ከሥሩ ግድግዳው በመታከክ ብዛት ነጥቷል።

«እዚህ ምን ይሰቀላል?»

«ጓንቱ ነዋ! ቀዩ።» የሽማግሌው ፊት ትንሽ በራ። «ሂልካ ናት የሠራችልኝ፣ አንድ ብቻ። መርሳት ስጀምር፣ 'ታውኖ፣ ጓንቱ ብረቱ ላይ ካለ እሳት አለ ማለት ነው' አለችኝ። እሳቱ ሲሞት ጓንቱን አጠልቄ ብረቱን እዘጋለሁ፤ ያቃጥላላ! እንዳጠለቅኩት ቤቴ እገባና እዚህ እሰቅለዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት መጥታ ትወስደዋለች።»

«አንድ ቀን ረስተው ያውቃሉ?»

«እኔ እረሳለሁ። እጄ ግን አይረሳም። ባለ አንድ እጁ ይሉኝ የለ፣ ሲያሾፉብኝ!»

ከዚያ ወደ ባዶው ሚስማር አየና የፊቱ ብርሃን ጠፋ። «ሂልካ ዛሬ አልመጣችም እንዴ?» አለ።

ኬርቱ መነጽሯን፣ ጉም ሳይኖርበት፣ እንደገና ጠረገችው።

ቀዩ ጓንት በሳውናው ልብስ ማውለቂያ ክፍል ተገኝቷል። ከመዝጊያው ብረት ላይ ወርዶ፣ የእንግዳ ፎጣ ከሚሰቀልበት ማንጠልጠያ በአንዱ ላይ በወግ ተሰቅሎ ነበር። መዳፉ ጥላሸት ነክቶታል። የሂልካ ስልክ ደግሞ እዚያው ክፍል፣ አግዳሚው ላይ አጣጥፋ ባኖረችው ልብስ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ባለሱቋ ማይሬ ቡናውን በትልቅ ኩባያ ሞልታ ጠረጴዛው ላይ ገጭ አደረገችው።

«ስኳር የለም። ሬይዮ ጨርሶታል።»

«ሬይዮ ማን ነው?»

«የሂልካ ወንድም። መሬቱን እንድትሸጥ ሃያ ዓመት ጨቀጨቃት። ቅዳሜ ግን እሱን አትጠርጥሪው፤ ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አንድ ሰዓት መኪናውን ጉድጓድ ከትቶ ባሌ በትራክተር ሲጎትተው ነበር። እስካሁን አላመሰገነውም።»

«አንቺስ?»

«አዳራሽ፣ ምንጣፍ ላይ ተዘርግቼ!» አለች ማይሬ ትንሽ አፍራ። «የሂልካ የእህት ልጅ ኦውቲ ራስን መንከባከብ የምታስተምርበት ሰዓት አላት። ዓይናችንን ጨፍነን እንተነፍሳለን። እንደ በሬ ስሠራ ኖሬ መተንፈስ በስልሳ ዓመቴ ተማርኩ።»

«እና መልእክቱ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ የሁላችንም ስልክ በአንዴ ጮኸ። ከሂልካ ነው፣ ለመንደሩ ግሩፕ የላከችው፤ ያቺ የሳውና ኢሞጂ፣ ፎጣ የጠመጠመችው ሴት ሥዕል። ኦውቲ ሳቀችና 'አያችሁ፣ አክስቴም እየተዝናናች ነው' አለች።»

«ስልክ አታስዘጋችሁም?»

«ሁልጊዜ ቅርጫት ውስጥ ትሰበስባለች። ቅዳሜ ግን ምን እንደነካት እንጃ፣ 'ዛሬ ይከፈት' አለች።»

ኬርቱ ኩባያውን አስቀመጠች። «ሂልካ ያቺን ሥዕል ትወዳት ነበር?»

ማይሬ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰበረ። «ትጸየፋት ነበር እንጂ! 'ፎጣ ጠምጥማ፣ ጭንቅላቷን ጠቅልላ! ይቺ ሴትዮ ሳውና ነው የገባችው ወይስ ፀጉር ቤት?' ትል ነበር። እኛ እንደተወለድን ነው የምንገባው። ሂልካ የምትልከው እሳት ነው። ምድጃውን ስትለኩስ የእሳት ሥዕል፤ 'ኑ' ማለቷ ነው። ልካ ስትጨርስ ስልኳን የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ፣ ዳቦ ቅርጫት ውስጥ ትጥለዋለች። ያ አሮጌ ስልክ ከዚያ መስኮት ከወረደ ይደነቁራል፤ ኔትወርክ አያገኝም። ለሂልካ መደወል ለዳቦ መደወል ነው ብለን እንስቅ ነበር።»

«ታውኖ ሬሳውን አግኝቶ ወደ አዳራሹ ሲመጣ ምን ይመስል ነበር?»

«አንድ ሰዓት ካለፈ በኋላ እያለቀሰ ገባ። በዚያ ብርድ ባዶ እጁን፤ ሁለቱም እጆቹ ቲማቲም መስለዋል። ኦውቲ ሰምታ እንደ ሚዳቋ በረረች። እኛ ሽማግሌውን ደግፈን ስንደርስ እሷ ከሳውናው ደጃፍ ቆማ ታለቅስ ነበር።»

ኦውቲ ጭንቀት የማይታይባት ሴት ናት፤ ፊቷ ላይ አንድ መስመር የለም። እንግዳ መቀበያዋ ግድግዳ ላይ ያቺው ፎጣ የጠመጠመች ሴት የበር ያህል ተልቃ ተስላለች፣ ዓይኗን ጨፍና፣ እንፋሎት ከቧት።

«ቆንጆ ናት» አለች ኬርቱ።

«የእኛ ናት እኮ!» አለች ኦውቲ። «አገራችን ናት የሳውና ኢሞጂ ይኑር ብላ የጠየቀችው። ዛሬ ሳውና አይታ የማታውቅ ሴት ፊቷን ክሬም ስትቀባ ትልካታለች፤ ከሥራ ደክማ ስትገባ፣ ልጆቿ ሲተኙላት ትልካታለች። 'አሁን የራሴ ሰዓት ነው፣ አትንኩኝ' ማለት ነው። ዓለም ዕረፍትን በምን እንደሚሥል አስቢው፤ በእኛ!»

«በእኛ፣ ፎጣ አልብሶ።»

«እንግዳ ራቁቱን ይፈራላ።»

«እንግዳ ይመጣል እንዴ?»

«በፀደይ። የአክስቴ ሳውና የመንፈስ ማሳረፊያ ይሆናል። ይሆን ነበር ማለቴ ነው።»

«እሷ ተስማምታ ነበር?»

«ጊዜ ያስፈልጋት ነበር» አለች ኦውቲ።

ኬርቱ ግን የሂልካን ወጥ ቤት አይታ ነው የመጣችው። ቀን መቁጠሪያው ላይ የዛሬው ሰኞ በእርሳስ ተከቦ «ሳውናውን ለመንደሩ፣ ፊርማ» ተብሎ ተጽፎበታል።

ከሰዓት በኋላ ሬይዮ፣ ታውኖ፣ ማይሬና ኦውቲ በሳውናው ልብስ ማውለቂያ ተሰበሰቡ። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ ሰው ሲናገር ትንፋሹ ይታያል። ሬይዮ ኮፍያውን ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ታውኖ ማይሬ አጠገብ ተቀምጦ ነጠላውን ቀይ ጓንት እንደ ድመት ያሻሻል፤ ኬርቱ ናት የሰጠችው።

«ሐኪሙ ሂልካ የሞተችበትን ሰዓት ሊነግረኝ አልቻለም» አለች ኬርቱ። «ሙቀቱ አበላሽቶበታል። ስለዚህ ሁላችሁም አንድ ነገር አመናችሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ መልእክት ስለላከች በሕይወት ነበረች። ከዚያ በኋላ እዚህ የመጣው ታውኖ ብቻ ነው። ትክክል?»

«ትክክል» አለ ሬይዮ።

«ቅዳሜ አንድ ሰዓት ላይ አዳራሽ ሲገባ እጁ ላይ ምን ነበር፣ ማይሬ?»

«ምንም። ባዶ...» ማይሬ ቃሉን ሳትጨርስ አፏን ያዘች።

«ታውኖ ይህን ብረት ሲዘጋ ጓንቱን ያጠልቃል፤ እንዳጠለቀ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ ስታሾፉበት ከርማችኋል። ቅዳሜ ጓንት የሌለው እጁን ሁላችሁም አያችሁ፤ ማንም አላየም። ብረቱን የዘጋው ሰው ጓንቱን ተጠቅሞ እዚያ የእንግዳ ማንጠልጠያ ላይ በወግ ሰቅሎታል። የጓንቱን ትርጉም የማያውቅ፣ ክፍሉን ግን ማሳመር የሚወድ ሰው።»

ኦውቲ ፈገግ አለች። «እኔ አዳራሽ ነበርኩ፤ አሥራ ሁለት ሰው አይቶኛል።»

«ከአሥራ አንድ ተኩል ጀምሮ፣ አዎ። ሂልካ ግን እንደ ወትሮዋ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ገብታለች። የመጀመሪያው እንፋሎት የእሷ ነው፤ ማንም አይረብሻትም።» ኬርቱ ከካፖርቱ ኪስ አሮጌውን ስልክ አውጥታ ዘረጋችላት። «እስቲ ያቺን ሥዕል ለግሩፑ ላኪልኝ። ከተገኘበት ቦታ፣ ከዚህ አግዳሚ ላይ።»

«ቀልድ ነው?»

«ላኪው፣ ኦውቲ» አለች ማይሬ። ድምጿ ተለውጧል።

ኦውቲ ላከች። ሁሉም ኪሱን እያየ ጠበቀ። አንዲት ትንሽ ክብ ስልኩ ላይ ዞረች፣ ዞረች። ምንም አልጮኸም።

«ያንቺ አዲስ ስልክ እዚህ በደንብ ይሠራል» አለች ኬርቱ፤ «ስለዚህ የአክስትሽም የሚሠራ መሰለሽ። ማይሬ፣ እባክሽ ይህን ወስደሽ ዳቦ ቅርጫቱ ውስጥ አስቀምጪው።»

ማይሬ ወጣች። እግሯ በረዶውን ሲሰብር ተሰማ፤ ራቀ፤ ጠፋ። ከዚያ የሬይዮ ኪስ ጮኸ። የኦውቲ ኪስ ጮኸ። ሬይዮ ስልኩን አውጥቶ አየ። የሞተች እህቱ ስም፤ ከሥሩ ፎጣ የጠመጠመች ሴት፣ ዓይኗን ጨፍና።

«ቅዳሜ ስልኩ እዚህ ቢሆን ኖሮ መልእክቱ አይደርስም ነበር» አለች ኬርቱ። «ደረሰ፤ ስለዚህ ስልኩ እዚህ አልነበረም። ከቅርጫቱ ወስደሽ አዳራሽ ይዘሽው ሄድሽ። ሰዎቹን ዓይናቸውን አስጨፍነሽ ላክሽ፤ እንዲሰማላቸውም ስልካቸውን አስከፈትሽ። ታውኖ ሲጮህ ሁሉንም ቀድመሽ ሮጥሽ፤ ልብሷ ላይ አኖርሽው። አንቺ ያለ ስልክ ሳውና ስለማትገቢ እሷም የምትገባ መሰለሽ።»

 ኦውቲ ስትናገር ድምጿ እንደ ማስተማሪያዋ ሰዓት የለሰለሰ ነበር።

«ዛሬ ፈርማ ልትሰጣችሁ ነበር። ለምን? ቅዳሜ መጥታችሁ እንድትታጠቡበት! ስንት የደከመ ሰው እዚህ ያርፍ ነበር።»

«ያርፍ ነበርኮ» አለ ሬይዮ። «እኔ አርፍ ነበር።»

ፖሊሶች መጥተው ኦውቲን ወሰዷት። ታውኖ የኬርቱን እጅጌ ያዘ።

«እንግዲያው እኔ አይደለሁም?»

«አይደሉም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እጅዎ አይረሳም ብለውኝ የለ? እውነትዎን ነው።»

ሽማግሌው እንደ ልጅ አለቀሰ። ልጁም ወሬውን ስትሰማ ወደ ማቆያው መውሰዱን እስከ ፋሲካ አራዘመችው። ኬርቱ ከመሄዷ በፊት ነገሩ እንደሚጠፋው ስለገባት «እርስዎ አልዘጉትም» ብላ በትልልቁ ጽፋ ወረቀቱን ቀዩ ጓንት ውስጥ ከተተችለት። ደግ አሳብ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ታውኖ ልክ አንድ ሰዓት ላይ ሳውናው ደጃፍ መጣ። ማይሬ ነበረች ምድጃውን ያነደደችው። እጁን ጓንቱ ውስጥ ሲከት ወረቀቱን አገኘው፤ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አነበበው።

«ምኑን ነው ያልዘጋሁት?» አለ። ከዚያ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ፣ ወደ ላይኛው አግዳሚ እያየ፣ «ሂልካን ጠይቂልኝ እስቲ። እሷ ታውቃለች።»

ማይሬ ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ ምድጃው ውስጥ ጣለችው።

«እየታጠበች ነው» አለችው። «አትረብሻት።»