በመስኮት ሰላም የምትለዋ ሴት

«ይህን የጻፈው ማነው?» አሉ ሽማግሌው።

ከግድግዳ ላይ ገንጥለው ያመጡትን ፖስተር ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ማጣበቂያው ገና ከአራቱ ጥግ አልለቀቀም። ዴላኒ ከጥቁር ወረቀት የተቆረጡ የሌሊት ወፎችን በክር እያሰረች ነበር። ቀና ስትል ማንበብ እንኳን አላስፈለጋትም፤ በቃሏ ታውቀዋለች። «ዛሬ ቅዳሜ ጀምበር ስትጠልቅ፣ በቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ፣ እሳት ዙሪያ። ለትንሹም ለትልቁም። የኤልደር ጎዳናዋ ሴት ተመልሳ መጥታለች!» ከጽሑፉ ሥር መስኮት ተሥሏል፤ መስኮቱ ላይ ደግሞ ወደ ላይ የተነሳ ጥቁር እጅ።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሚስ ፕሩዊት ከሕፃናቱ ጋር ወዲያኛው ክፍል ናቸው። ዛሬ ጧት የትንንሾቹ ተራ ነው፤ ዱባ ቀለም ይቀባሉ፣ ማለትም ዱባውንም ጠረጴዛውንም አንዱ የሌላውን ጸጉርም ይቀባሉ። ጫጫታቸው ጣራውን ሊያነሳው ደርሷል። መግቢያው ጠረጴዛ ጋ የተቀመጠችው ዴላኒ ብቻ ናት፤ ደረቷ ላይ «በጎ ፈቃደኛ» የሚል ካርድ ተለጥፏል።

«እንጃ… አላውቅም ጌታዬ» አለች።

ውሸቱ ከአፏ እንዴት እንደወጣ ለራሷም ገረማት። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስትዋሽ ፊቷ የሚቀላ ልጅ፣ ዛሬ ዓይኗን ሳታሽ ዋሸች።

ሽማግሌው አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ስማቸው ሃስኬት እንደሚባል፣ ኤልደር ጎዳና ጥግ ላይ ያለው ቢጫው ቤት የሳቸው እንደሆነ፣ ባለፈው ጸደይ ከባለቤታቸው ከቨርና ጋር እንደገቡበት ረጋ ብለው ነገሯት። መስኮት ላይ የምትቀመጠው ቨርና ናት። ሠላሳ ዓመት አንደኛ ክፍል ስታስተምር ኖራ አሁን የመርሳት በሽታ ይዟታል። አንዳንድ ቀን የባሏም ስም ይጠፋታል። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል ግን ማንም ሳይነግራት ተነስታ መስኮቱ ጋ ትሄዳለች፤ ለሚያልፉት ልጆች እጇን ታውለበልባለች። እሱን አልረሳችውም።

«መጀመሪያ ልጆቹ መልሰው ሰላም ይሏት ነበር» አሉ ሚስተር ሃስኬት። «ከሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ሲያዩዋት ጮኸው ይሮጣሉ። ማክሰኞ ዕለት እንቁላል ወረወሩ። ትናንት አንዱ በባትሪ ዓይኗ ላይ አበራባት። አንሶላ አምጥቼ መስኮቱ ላይ በምስማር መታሁት፤ ሌላ ምን ላድርግ?»

ዴላኒ ክሩን ጣቷ ላይ ጠመጠመችው፤ ጣቷ እስኪጠቁር ድረስ።

«በየቀኑ ‘ልጆቹን ምን አድርጌያቸው ነው?’ ትለኛለች። መልስ እሰጣታለሁ፣ ትረሳለች፣ እንደገና ትጠይቀኛለች።»

ኃላፊዋን ልጥራልዎት ብትላቸው ቨርና ብቻዋን ናት ብለው እምቢ አሉ። ስለ ሕመሟ ለማንም እንዳታወራ አደራ አሏት፤ ቨርና ኩሩ ሰው ነበረች፣ ብታውቅ ታፍራለች። «ማን እንደሆነ ከሰማሽ፣ ይምጣና ያናግረኝ በይው። የምጮህ ሰው አይደለሁም» ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ።

ዴላኒ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር። ታሪኩን የፈጠረችው ራሷ ናታ!

ነገሩ የተጀመረው በጥቅምት መግቢያ፣ በታዳጊዎቹ ምሽት ነው። ብራንት ፎልስ የኦሃዮ ትንሽ ከተማ ናት፤ ሃሎዊን፣ ልጆች ልዩ ልዩ ልብስ ለብሰው ከረሜላ የሚለምኑበት የማስፈራሪያ በዓል፣ ሲደርስ ቤተ መጻሕፍቱ ለሁሉም ድግስ አለው፣ ለሕፃን ዱባ፣ ለአዋቂ «ገዳዩ ማነው» ጨዋታ፣ ለታዳጊ የሚያስፈራ ታሪክ። የሚስ ፕሩዊት ሕግ አንድ ነበር፤ ታሪኩ ከመጽሐፍ የተቀዳ እንዳይሆን፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ የሆነ ይሁን። ሌሎቹ መቃብሩንና አሮጌውን ወፍጮ ቤት ተሻሙ። ዴላኒ ወደ ከተማዋ ከመጣች ገና ዓመቷ ነው፤ ቢቸግራት ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታያት ሴት ትዝ አለቻት። ሴትየዋ እጇን አውለብልባላታለች፤ እሷ አፍራ አንገቷን ደፍታ አልፋለች። እውነቱ ይህ ብቻ ነው፤ የቀረውን ከራሷ ጨመረችበት። ሴትየዋ ከሞተች አርባ ዓመቷ ነው፣ መልሶ ያውለበለበላት ልጅ የሚቀጥለውን ሃሎዊን አያይም፣ ምናምን።

ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ሰማት። እስከዚያ ቀን ድረስ ምሳዋን ብቻዋን የምትበላ፣ መምህራን እንኳን ስሟን አጣመው የሚጠሯት ልጅ ነበረች። በማግስቱ ሁሉም የሚያውቃት ማርሎ «አንቺ የመስኮቷ ልጅ፣ ነይ እንጂ እኛ ጋ» ብላ ወንበር ሳበችላት። ወንበሩ ላይ ሁለት ሳምንት ተቀምጣበታለች። ደስ ይላል፣ ምን ይደበቃል። እንደገና ብቻዋን መብላት አትፈልግም።

ከሰዓት በኋላ ማርሎ ሦስት ካርቶን ዶናት ተሸክማ ስትመጣ ዴላኒ ወደ ጓሮ ሳበቻትና ሽማግሌው መምጣታቸውን፣ እንቁላሉን፣ አንሶላውን ነገረቻት። የሕመሙን ነገር ዘለለችው።

«እና?» አለች ማርሎ ጣቷን እየላሰች።

«እናማ ዛሬ አልናገረውም።»

«አቦ አታካብጂ ዴል! ተረት እኮ ነው። ሰው ሁሉ የሚመጣው ለሱ ነው፤ የአክስቴ ልጆች ሁለት ሰዓት ነድተው እየመጡ ነው። ሼም ነው አሁን።»

«ሴትየዋ እውነተኛ ሰው ናት፣ ማርሎ።»

«ይሁና። አንቺ ከፈራሽ እኔ እነግራቸዋለሁ፤ ከነአነጋገርሽ ይዤዋለሁ።» ካርቶኑን አንስታ እየሳቀች ገባች። ክፉ ልጅ ሆና አይደለም፤ የአንሶላውን ነገር ከዴላኒ ሰማችው እንጂ የሽማግሌውን ፊት አላየችም።

ዴላኒ ሚስ ፕሩዊት ብቻቸውን እስኪሆኑ ጠብቃ ነገረቻቸው። እሳቸው ወንበር ፈልገው ተቀመጡና ግንባራቸውን ያዙ። ጥፋቱ የሳቸውም ነው፤ የማን ቤት እንደሆነ መጠየቅ ነበረባቸው። ፖስተሮቹን አብረው ሲያወርዱ፣ ዛሬ ምንም እንዳትናገር፣ ሌላ ታሪክ ራሳቸው እንደሚያነቡ፣ ዳር ሆና የፖም ጭማቂ ብትቀዳ እንደሚበቃ አባበሏት። ዴላኒ ትከሻዋ ቀለል አላት። ዝም ማለት ይቻላል ለካ። «አላውቅም» ብላ ሽማግሌውን መዋሸቷን ግን አልነገረቻቸውም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ ጓሮው ጢም አለ። እናቶች ብርድ ልብስ አንጥፈዋል፤ ልጆቹ ዘንዶና የእሳት አደጋ ሠራተኛና ንብ ሆነው ፊት ለፊት ተኮልኩለዋል። ሚስ ፕሩዊት ማይኩን ይዘው ስለ አንድ የጠፋ ድመት ማንበብ ጀመሩ። ሁለት ገጽ ሳይሞላ ልጆቹ «የመስኮቷን! የመስኮቷን!» እያሉ ማጨብጨብ ያዙ። ዴላኒ ከጭማቂው በርሜል አጠገብ ቆማ ትሰማለች። ዘንዶ የለበሰው፣ ስድስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ለጎረቤቱ ያስረዳዋል። ወንድሙ ነገ እንቁላል ገዝቶ እንደሚወስደው፣ ሴትየዋ ቀን ቀን ጉልበት ስለሌላት መስኮቱን መስበር እንደሚቻል ይነግረዋል። ፖስተሩ ወርዷል፣ እሷ ዝም ብላለች፤ ወሬው ግን ያለ እሷ በእግሩ ይሄዳል።

ማርሎ ከመሃል ብድግ አለች። «ሚስ ፕሩዊት፣ እኔ ልንገራቸው?» ሰው አጨበጨበ።

ዴላኒ ኩባያውን አስቀመጠችና በብርድ ልብሶቹ መሃል እየረገጠች ቀደመቻት። ማይኩን ከሚስ ፕሩዊት ተቀበለች። ማርሎ በርቺ ለማለት ትከሻዋን ነካ አደረገቻት፤ ልትተርክ የመጣች መስሏታል።

«የኤልደር ጎዳናዋን ሴት ታሪክ የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አለች። ድምፅዋ ከራሷ ጆሮ ራቀባት። «ውሸት ነው። ሴትየዋ አልሞተችም። ማንንም ነክታ አታውቅም። በመንገድ ሳልፍ ሰላም አለችኝ፣ እኔ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ገዳይ አደረግኳት።»

የሆነ ሰው ሳቀ፤ የታሪኩ መግቢያ መስሎት ነው። ሌላ ስላልቀጠለች ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ።

«ታዲያ ለምንድነው እጇን የምታውለበልበው?» አለ ዘንዶው።

ዴላኒ የሽማግሌውን አደራ አሰበች። «ልጆች ስለምትወድ ነው» አለች። «እኔ ያልኩትን ሰምታችሁ እንቁላል የወረወራችሁ ካላችሁ፣ ያስወረወርኳችሁ እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ እንዳትወረውሩ። ይኸው ነው።»

ማንም አላጨበጨበም። አንዲት እናት ልጇን ወደ ራሷ ሳበች። አንድ አባት «ለዚህ ነው ብርድ ላይ ያስቀመጡን?» ሲል ሰማች። ዘንዶው ማልቀስ ጀመረ፤ ለምን እንደሆነ እሱም አያውቀው። ሚስ ፕሩዊት ማይኩን ሲቀበሏት ጀርባዋን መታ መታ አደረጓት፤ ማርሎ ግን ፊቷን አዙራ ከጓደኞቿ ጋር ሄዳ ተቀመጠች። ዶናቱ ሲታደልም ዴላኒን የጠራት የለም።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ደስታዋ ነበር። እሑድ ጧት ስትነቃ ግን ሽማግሌውን መዋሸቷ ትዝ አላት። ለመቶ ሰው ተናግራለች፤ ለሚመለከታቸው ለአንዱ ሰው ግን አልተናገረችም። ቁርሷን ሳትጨርስ ወጣች።

የቢጫው ቤት ግድግዳ ላይ የደረቀ እንቁላል ወርዶ ወርዶ ቆሟል። ላይኛው መስኮት ነጭ አንሶላ ነው። ሦስቴ ልትመለስ ቃጣት። አራተኛው ላይ አንኳኳች።

ሚስተር ሃስኬት ከፈቱና ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ትናንት አላውቅም ያልኩዎት ዋሽቼ ነው» አለች ዴላኒ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ታሪኩንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቄያለሁ» አሉ። «ፖስተሩን ስዘረጋ ፊትሽን አየሁት። ትመጪ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው ዝም ያልኩሽ።»

ዴላኒ ማታ ጓሮው ውስጥ የተናገረችውን ነገረቻቸው። ሐሙስ ልጆቹ ለከረሜላ በየበሩ ሲዞሩ እዚህ በራፍ ላይ ቆማ የሚያስቸግር ቢመጣ እንደምትመልስ ነገረቻቸው። እሳቸው ደስ አላላቸውም፣ አልተቆጡምም፤ አንሶላውን ግን እስከዚያ አላወርደውም አሉ። አንድ ልጅ ቨርና ላይ ቢጮህ ሌሊቱን ሙሉ የሚያባብላት ሰው እሳቸው ናቸው፤ ደክሟቸዋል። ዴላኒ ራሷን ነቀነቀች።

ከላይ፣ ከደረጃው ጫፍ የሴት ድምፅ መጣ። ቀጭን ነው፤ የአስተማሪ ለዛው ግን አልጠፋውም።

«ማነው የመጣው? ከልጆቹ አንዷ ናት?»

«አዎ ቨርናዬ፣ አንድ ልጅ ናት» አሉ ሚስተር ሃስኬት።

«ተቀይማኛለች?» አለች ቨርና።

ሽማግሌው ዴላኒን አዩዋት።

«ኧረ አልተቀየምኩም» አለች ዴላኒ ወደ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ጫማዋን ምንጣፉ ላይ ጠረገችና፣ ሚስተር ሃስኬት መንገድ ሲለቁላት ደረጃውን መውጣት ጀመረች።