የኦርቪል የጣሪያ ክዳን

አርዲስ ሃውገን መዘውሩን ዐሥራ አንድ ጊዜ አዞረችው። በመጨረሻው ዙር ከራሷ በላይ ያለው የጣሪያ መተንፈሻ ክዳን ተነሣ፤ ሌሊት የዘነበበት የበረሃ አየር ቀዝቅዞ ገባ። ከዚያም እንደ ልማዷ በመስኮቷ አሻግራ የጎረቤቷን ተጎታች ቤት ጣሪያ አየች። የኦርቪል ቴስመር ክዳንም ተነሥቷል። ደኅና አደረ ብላ ዳቦዋን ልትጠብስ ዞረች። ጠዋት አንድ ሰዓት ነበር።

በዚያ ሰዓት ኦርቪል ሞቶ ነበር።

የሰሜኑን ብርድ ሸሽተው ወደ አሪዞና የሚወርዱ ሽማግሌዎች በዚህ የተጎታች ቤቶች ሰፈር ጎን ለጎን፣ ግን ለየብቻቸው ይኖራሉ። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሰው ከሞተ በኋላ አራት ቀን ሳይታወቅ ቆየ። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳይጽፈው አንድ ደንብ ጸና፤ ከእንቅልፉ የነቃ ሰው የመኝታ ቤቱን ክዳን ያነሣል፣ ሲመሽ ይዘጋል። እስከ ሁለት ሰዓት ያልተነሣ ክዳን ካለ ጎረቤት ሄዶ ያንኳኳል። ለተነሣ ክዳን ግን የሚያንኳኳ የለም።

ኦርቪልን ያገኘው የሰፈሩ ኃላፊ ከርቲስ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ በፖስታ የመጣለትን ደብዳቤ ሊሰጠው ሄዶ። የአውራጃው የሞት መርማሪ ሎሬታ ኪንቴሮ ስምንት ሰዓት ላይ ከአንድ ፖሊስ ጋር ደረሰች። አጭር፣ ዝምተኛ ሴት ናት፤ ከመናገሯ በፊት መነጽሯን የምትጠርግ።

ኦርቪል አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቷል። ፊቱ ቀልቷል። ሎሬታ የሰባ አራት ዓመት ሰው በሞት እንዲህ ሲቀላ ያየችው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሽታ በሌለው የጋዝ ጭስ። ይሁን እንጂ የያዘችው መለኪያ የክፍሉ አየር ንጹሕ መሆኑን ነገራት። በጋዝ የሚሠራው ፍሪጅ በደኅና ይነድዳል። የጭስ ደወሉ ግድግዳው ላይ ባዶ ሆዱን ተሰቅሏል፤ ኦርቪል መንጫጫቱ ሰልችቶት ባትሪውን ማውጣቱን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

የገላውን መድረቅ አይታ እኩለ ሌሊት ገደማ መሞቱን ገመተች። ከዚያ ብርድ ልብሱን ዳሰሰች። ልክ ከተከፈተው መተንፈሻ ሥር ነው፣ ግን ደረቅ ነው። ቀና ብላ ክዳኑን አየች፤ መዘውሩ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ባዶ ቀዳዳ ብቻ አለ። መሰላል ጠየቀች።

ጣሪያው ላይ ክዳኑ የቆመው በአንዲት ቁራጭ እንጨት ተደግፎ ነበር። የሌሊቱ ዝናብ የበረሃውን አቧራ ወደ ጭቃ ለውጦ ነጩን ጣሪያ ሁሉ አዥጎርጉሮታል። የፍሪጁ ጭስ መውጫ ዙሪያ ግን አራት ማዕዘን ያለው ንጹሕ ነጭ ጠርዝ ይታያል። ጥግ ላይ ጥፍር የምታህል ብርማ ፕላስተር ተጣብቃ ቀርታለች።

ከርቲስን መጀመሪያ አነጋገረችው። ለኦርቪል ማስጠንቀቂያ መስጠቱን አልደበቀም፤ የሚያፈስ አሮጌ ቤት እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተጠገነ ከሰፈሩ ይወጣል።

«ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም» አለ። «ደግሞ አይጠርጥሩኝ። እኔ አምፖል ለመቀየር ወንበር ላይ ስቆም እንኳ ሚስቴ እግሬን ትይዛለች።»

አርዲስ ሹራቧን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፤ መርፌዎቹ አይንቀሳቀሱም። ትናንት ማታ ሾርባ ወስዳለት በሩ ላይ ተቀብሎ እንዳመሰገናት፣ ግቢ እንዳላላት፣ እሷም ልግባ እንዳላለች ተናገረች።

«ክዳኑ ባይነሣ አንኳኳ ነበር» አለች። «አምስት ሰዓት ሙሉ እዚሁ ተቀምጫለሁ፣ ከእሱ ሃያ እርምጃ ርቄ። ያኔ ብሄድ ይተርፍ ነበር?»

ሎሬታ መነጽሯን ጠረገች። «አሁን አልመልስልዎትም። ሳልነግርዎት ግን አልሄድም።»

ሦስተኛው ቨርሊን ስትራውድ ነው፤ የሰፈሩን ጣሪያ ሁሉ የሚጠግን የሰባ ዓመት ሰው። የማሸጊያ ሙጫ ቱቦዎቹን በየቀለማቸው ደርድሯል። ወሬ ይወዳል።

«ኦርቪል ጣሪያ ከማስጠገን ባልዲ መደርደር ይቀለው ነበር» አለ። «ይሄ የከርቲስ ማስጠንቀቂያ ነው ያስደነገጠው። ትናንት ደመናው እስኪመጣ ሠራሁለት። የመኝታውን መተንፈሻ ዙሪያውን አሸግሁ። የመዘውሩ ጥርስ አልቆ ስለነበር ነቅዬ ጣልሁት፤ አዲሱ ሐሙስ ይደርሳል።»

«የፍሪጁን ጭስ መውጫስ?»

«እሱ ጋ አልደረስሁም።»

«ዛሬ ጠዋትስ አላሰቡትም?»

«ለምን አስባለሁ? ክዳኑ ተነሥቷል። ተነሥቶ ከፍቶታል፣ ደኅና ነው አልሁ።»

ሎሬታ አመስግናው ወጣች። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሦስቱንም ከአርዲስ ቤት ደጅ በተዘረጋው ሸራ ሥር በታጣፊ ወንበሮች ሰበሰበቻቸው። ፖሊሱ መኪናው አጠገብ ቆመ።

«ኦርቪልን የገደለው የገዛ ፍሪጁ ጭስ ነው» ብላ ጀመረች። «ያ ጭስ በጣሪያው በኩል ይወጣል። መውጫው ከተደፈነ ግን ወደ ቤት ይመለሳል። ትናንት ማታ ተደፍኖ ነበር። ዝናቡ ጣሪያውን በሙሉ ሲያቆሽሽ መውጫው ዙሪያ ያለችው ጠርዝ ነጭ እንደሆነች ቀርታለች፤ ሲዘንብ ፕላስተር ሸፍኗት ነበር ማለት ነው። ካባራ በኋላ አንድ ሰው ፕላስተሩን አነሣው።»

ሎሬታ ወደ ኦርቪል ጣሪያ አመለከተች።

«ዝናቡ ያባራው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው። ከክዳኑ ሥር ያለው ብርድ ልብስ ጠብታ አልነካውም። ስለዚህ ክዳኑ የተነሣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው፤ ኦርቪል ደግሞ እኩለ ሌሊት ሞቷል። በሕይወት ቢኖርም ሊያነሣው አይችልም ነበር። መዘውር የለውም። ክዳኑን ከላይ በእንጨት ደግፎ ያቆመው ሌላ ሰው ነው።»

ወደ ከርቲስ፣ ከዚያም ወደ አርዲስ ተመለከተች።

«እናንተ ሁለታችሁ ክዳኑን አይታችሁ ኦርቪል ነቅቷል ብትሉ አይገርምም፤ መዘውሩ መነቀሉን አላወቃችሁም። አቶ ቨርሊን ግን በገዛ እጃቸው ነቅለውታል። በዚህ ሰፈር ያ ክዳን ከውስጥ እንደማይነሣ የሚያውቁ ብቸኛ ሰው እሳቸው ናቸው። እኔን ግን 'ተነሥቶ ከፍቶታል አልሁ' አሉኝ።»

ቨርሊን እጆቹን አየ። በጥፍሮቹ ሥር ነጭ ሙጫ ደርቋል።

«ለሌሊቱ ብቻ ነበር» አለ። «ዝናቡ ደረሰብኝ። ጭስ መውጫውም ጋ ስንጥቅ ስለነበር በፕላስተር ሸፈንሁት። ስወርድ ፍሪጁን አጥፋ ልለው ነበር። እሱ ስለ ድሮ የባቡር ሥራው ወሬ ጀመረልኝ። ሳቅን። ከሰው ጋር ከሳቅሁ ስንት ጊዜዬ ነው? ረሳሁት።» ከጥፍሩ ሥር የደረቀውን ሙጫ ፋቀ። «ሊነጋ ሲል ትዝ አለኝ። ስደርስ ቀዝቅዟል።»

«ክዳኑንስ?» አለች አርዲስ።

«አንቺ እንዳታንኳኪ። ጭሱ እስኪወጣ፣ ልቡ ነው የገደለው እስኪባል።» ድምፁ ዝቅ አለ። «ጣሪያው ካላንጠባጠበ በስተቀር እዚህ የኔን በር የሚያንኳኳ የለም፣ አርዲስ። ይሄ ከተሰማ ማን ይጠራኛል?»

አርዲስ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ ጠርቼሃለሁ። የሚያፈስ ነገር ነበር?»

ቨርሊን ራሱን ነቀነቀ። «አልነበረም።»

«አዎ፣ አልነበረም» አለች።

ፖሊሱ ቨርሊንን ይዞ ሄደ። ከርቲስ ወንበሩን አጥፎ ተሰናበተ። ሎሬታ ከአርዲስ ጎን ቀረች።

«ቃል ገብቼልዎታለሁ» አለች። «ጠዋት ያንን ክዳን ሲያዩ ኦርቪል ከሞተ ሰባት ሰዓት ሆኖታል። ቢያንኳኩ የሚከፍት አልነበረም።»

አርዲስ ራሷን ዝቅ አደረገች። ቆይታ መርፌዎቿን አነሣች፤ አልጀመረችም።

በምዕራብ በኩል እንደገና ደመና ይሰበሰብ ነበር። ሎሬታ ፎቶግራፏን ጨርሳ፣ የኦርቪልን ጋዝ አጥፍታ፣ ክዳኑን ልትዘጋ መሰላሉን ያዘች።

«አሁን አይደለም» አለች አርዲስ። «ሲመሽ ነው የምንዘጋው።»

ሎሬታ መሰላሉን እንደያዘች ቆመች፤ ከዚያ ተመልሳ ታጣፊው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሁለቱም ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ጠበቁ። በየጣሪያው ክዳኖች አንድ በአንድ ዝቅ ማለት ጀመሩ። አርዲስ ወደ ቤቷ ገባች፤ የመዘውሯ ድምፅ ዐሥራ አንድ ጊዜ ተሰማ።

ያኔ ሎሬታ የኦርቪል ጣሪያ ላይ ወጣች። እንጨቱን አውጥታ በከረጢት ከተተችው፤ ክዳኑን በቀስታ አወረደችው፤ ውኃ እንዳይገባ ጠርዙን ዙሪያውን በፕላስተር አሸገች፤ ጥጎቹን በአውራ ጣቷ ተጫነቻቸው። ወርዳም መሰላሉን አጥፋ ከአርዲስ ግድግዳ ሥር አጋደመችው።