አሥራ ሁለት ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ

ሹፌሩ ስድስት ደቂቃ ነበረው።

የኋላውን ጎማ ያስተነፈሰው ራሱ ነው። ጎሚስታ ቤቱም በአጋጣሚ የተገኘ አልነበረም። አሁን መኪናው በክሪክ ተነሥቷል፣ ቱታ የለበሰ ሰው ብሎን ይፈታል። የውሃ ጥራት ቤተ ሙከራው ኃላፊ ግን የጉድጓድ ውሃ ናሙና ከያዘው የበረዶ ሳጥን አጠገብ ፈቅ አልል ብለዋል። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ እትዬ ነው የሚላቸው።

«እትዬ፣ መጸዳጃው ከጀርባ ነው። እስከ አውሮፕላን ማረፊያው ሌላ አያገኙም።»

«ሳጥኑን ታይልኛለህ?»

«ዐይኔን አልነቅልም።»

ሄዱ።

ባለ ቱታው መፍቻውን ጣለ። ከጎማ ክምሩ ኋላ ሌላ ሰማያዊ ሳጥን ጎተተ። ያው መጠን፣ ያው ጭረት፣ ያው አሥራ ሁለት ጠርሙስ። የተለየው ውሃው ብቻ ነበር።

«ድርቆሽ፣ ቶሎ በል!»

ድርቆሽ የሹፌሩ የምስጢር ስም ነው። የተጎተተውን ሳጥን ክዳን ከፍቶ መለያ ወረቀቶቹን በዐይኑ ገረፋቸው።

ሰባት ቁጥር።

እትዬ ሰባትን ሲጽፉ ወገቡ ላይ ሰረዝ ያደርጉበታል። ጽሕፈታቸውን ያስመሰለው ሰው ይህን አላስተዋለም።

ከጀርባ በር ተዘጋ።

እስክሪብቶ መዘዘ። አንድ ሰረዝ። ክዳኑን ገጠመ። እውነተኛው ሳጥን ከጎማዎቹ ኋላ ተሰወረ።

«ደህና ነው?» አሉ እትዬ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ።

«ደህና ነው።»

ሹፌራቸው ሆኖ አራት ወር ሰንብቷል። የላከው የስለላ አለቃ፣ በምስጢር ስሙ አጎት የሚባለው፣ ነገሩን እንዲህ ነበር ያስረዳው። የዓለም የልማት ግቦች ጉባኤ ሊሰበሰብ ነው። የውሃ ማጣሪያ እርዳታ በቅድሚያ የትኛው ወረዳ እንደሚያገኝ የሚወሰነው በውጭ አገር ምርመራ ነው። ሴትዮዋ ደግሞ አገር ለማዋረድ ናሙናው ውስጥ መርዝ ትጨምራለች። አንተ በንጹሕ ትለውጠዋለህ።

ድርቆሽ አምኖ ነበር።

ሳጥኑን ለጭነት ክፍል አስረክበው ሲመለሱ እትዬ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉ።

«ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ልንገርህ። ለባሌ እንኳ አልነገርኩትም።»

ፍጥነቱን ቀነሰ። ሰው ሆዱን ሲከፍት ማዳመጥ ሙያው ነው።

«ከየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ነው የቀዳሁት። ሁለተኛው ታላቅ እህቴ ቤት፣ አልጋ ሥር ነው። አምና የላክሁት መንገድ ላይ ተሰበረ አሉኝ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ብለህ ሳቅብኝ።»

አልሳቀም።

እትዬን ሲያደርስ ያያቸው የእህትየው ልጆች ፊቱ ላይ ድቅን አሉ። የሦስቱም ጥርስ ዝገት የመሰለ፣ የትንሿ እግር እንደ ቀስት የጎበጠ። ናሙናው ከተቀዳበት ጉድጓድ ነው የሚጠጡት። በሐሰት የሚከስ ሰው ደግሞ ለእውነት ምስክር አያስቀምጥም።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ከአጎት ጋር ፎቶ ኮፒ ቤት ተገናኙ። እንደማይተዋወቁ ጎን ለጎን ቆሙ። ማሽኑ ይጮኻል።

«ሴትዮዋ ምንም አልጨመሩበትም» አለ ድርቆሽ።

«እናውቃለን።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው። ንጹሕ ውሃ ለሁሉም ደርሷል፣ ግቡ ተሳክቷል ብለን ሪፖርት አድርገናል። አለቆቻችን ጉባኤው ላይ ሊጨበጨብላቸው ነው። የተባለው መሆን አለበት።»

«ለእኔ ግን መርዝ ነው አልከኝ።»

«እውነቱን ብታውቅ እጅህ ይንቀጠቀጥ ነበር።» አጎት ወረቀቶቹን አስተካከለ። «ሌላ ናሙና አለ?»

የለም ማለት ይችል ነበር። ሦስት ፊደል። ማንም አልመታውም፣ ማንም አላስፈራራውም።

«እህታቸው ቤት» አለ። «አልጋ ሥር።»

ከአፌ አመለጠኝ ብሎ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ። አላመለጠውም። ሲጠየቅ መመለስ ለምዶ፣ ጥሩ ሠራህ መባል ለምዶ ነው።

አጎትም «ጥሩ ሠራህ» አለው።

በሦስተኛው ሳምንት ውጤቱ መጣ። ንጹሕ። ወረዳው ከእርዳታው ዝርዝር ተሰርዞ «ግቡን ያሳካ» ተባለ። ማጣሪያው ወደ ሌላ ሄደ። የእህትየው ቤት ተበርብሮ ጠርሙሶቹ ተወሰዱ። እትዬ ሕዝብ በሐሰት አሸብረሻል ተብለው ከሥራ ተባረሩ።

ድርቆሽ የመኪናውን ቁልፍ መልሶ እንዲጠፋ ታዘዘ። ቁልፉን አስረክቦ ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ እትዬ ካርቶን አቅፈው ከፊቱ ቆሙ። ጠባብ ነው፤ መሸሻ የለም።

«አንተንም?» አሉ። ዐይናቸው ዕንባ አቀረረ። «በእኔ ጦስ ነው። ይቅር በለኝ ወንድምዓለም።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«እትዬ፣ እርስዎ ምን…»

«ዝም በል፤ የልጆች አባት ነህ።»

ልጅ የለውም። ልጆቹም፣ ወንድምዓለም የሚለው ስምም ለስለላው ሽፋን የተሰጡት ነበሩ።

ከካርቶኑ ፖስታ አወጡ። «እንዳይነኩህ ሰግቼ አስቀድሜ የጻፍኩልህ የምስክር ደብዳቤ ነው፤ ሥራ ስትጠይቅ አሳያቸው። ማሕተሙን ቀምተውኛል፤ ፊርማዬን የሚያውቅ ግን አይጠፋም።»

«አመሰግናለሁ» አለ።

ደረጃው ላይ ቆሞ አነበበው። «ይህን ሰው ዐይኔን ጨፍኜ አምነዋለሁ» ይላል። ከላይ የሰፈረው ስም የእሱ አልነበረም።

ወረቀት አይያዝም፤ ደንቡ ነው። በአራት፣ በስምንት ቀደደው። ተመልሶ ሊነግራቸው አንድ ደረጃ ወጣ። ከላይ የጫማቸው ኮቴ ሲወርድ ተሰማ፤ ካርቶኑ ከብዷቸው ቀስ እያሉ ነው።

ዞሮ ቁልቁል ሮጠ። መንገዱ ላይ ሰው ግጥም ብሏል። አንገቱን ሰብሮ ገባበት።